ምራቁን ልኮ ዘሩን የጠየቀው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። በጠዋት ተነሥቶ፣ አፉን ሳይጉመጠመጥ፣ ቁርስም ሳይቀምስ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ምራቁን ይተፋ ነበር።

ሳቃችሁ? ሳቁ። እኔም በአጥር በኩል ሳየው ስቄአለሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ብልቃጡን እንደ ጠበል ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ ይተፋል፤ አፉ ሲደርቅበት ያርፋል፤ ደግሞ ይተፋል።

ምን እያደረገ ነው? ዘሩን እየፈለገ ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ምራቅ ግን አውቃለሁ። ሽማግሌ ሲመርቀን እንትፍ ብሎብን ነው ያደግነው። የናቁትም ሰው ይተፋበታል። አሁን ደግሞ ምራቅህን ባሕር ማዶ ብትልከው የአያት የቅድመ አያትህን አገር ይነግርሃል አሉ። ዲኤንኤ ይሉታል። ደግ፣ ይንገር። እግዚአብሔር በምራቅ ውስጥ ያስቀመጠውን ሰው ቢያነበው እኔ ምን ቸገረኝ። የሚቸግረኝ ሰው መልሱን ሲሰማ የሚሆነው ነው። እሱን ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ከኋላ ያላችሁትም ስልኩን አስቀምጡት።

ሰውየው ማርቆስ ይባላል። ኮምቦልቻ፣ አሮጌው ወፍጮ ቤት የእሱ ነው። አባቱ ብሩኖ ይባሉ ነበር። እንግዲህ በአገራችን ሰው በአባቱ ስም ይጠራል፤ ማርቆስ ብሩኖ መባል አለበት፣ ልጁም ሲልቫና ማርቆስ። አይደለም? በእኛ ቤት የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይተካል። እነሱ ቤት ግን አንድ ስም እንደ ሐውልት ተተክሎ ቀረ። ብሩኖ ፓቫኒ፣ ማርቆስ ፓቫኒ፣ ሲልቫና ፓቫኒ። ከወፍጮ ቤቱ በር በላይም በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ፓቫኒ።

ፓቫኒ ማን ነው? በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ከጦሩ ጋር የመጣ ሞተር አዋቂ ነው። ጦሩ ተሸንፎ ሲወጣ እሱ ቀረ፤ ወፍጮውን ተከለ፤ እዚያው ኖሮ እዚያው ተቀበረ። ቤቱ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች፤ ከየት እንደ መጣች የሚያውቅ የለም፤ ብሩኖ የሚባል ወንድ ልጅ ነበራት። ፓቫኒ በዚያ ልጅ ላይ ስሙን አኖረ፤ አስተማረው፤ ሲሞትም ወፍጮውን ለእሱ ተወለት። ከተማው ምን ይበል? የነጩ ልጅ ነው አለ። ማን ጠይቆ?

ብሩኖ ደግ ሰው ነበሩ፤ እህል ይዞ የመጣ ሁሉ ይወዳቸው ነበር። ስሙን እንደ ጠበንጃ የታጠቀው ልጃቸው ማርቆስ ነው።

መልኩን ያያችሁ እንደሆነ ከእኔ ይጠቁራል። አንድ ቀን በእድር ስብሰባ፣ ማርቆስ፣ ጣሊያንነትህ የት ተደበቀ ቢሉት፣ የደቡብ ጣሊያን ሰው እንዲህ ነው፣ ፀሐይ ነው አለ። እኛ ፓቫኒዎች ሰዓት እናከብራለን ይላል፤ ይህንን የሚለው ግን ሁሌ ዘግይቶ መጥቶ ነው። ፓስታ በእጁ የሚበላ ሰው ካየ ፊቱን ያዞራል። ሰው ይስቅበታል፣ ግን ይፈራዋል። ለምን? ወፍጮው የእሱ ነዋ። እናንተስ ገንዘብ ባለው ሰው ላይ ፊት ለፊት ስቃችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ ይህ ሰው ጣሊያን አገር ያሉትን ዘመዶቹን አግኝቼ ፎቶ ተነሥቼ እሰቅላለሁ ብሎ ነው ብልቃጡ ላይ የተፋው። የሚስቱ እኅት ባሕር ማዶ አለች፤ ዕቃውን የላከችለት እሷ ናት፤ በመንገደኛ ላከላት፤ መልስ መጠበቅ ጀመረ።

እሱ ሲጠብቅ በዚያው ሰሞን ሽማግሌ መጣ። ይትባረክ የሚባል ልጅ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሲልቫናን ሊያገባ ፈለገ። እሷም ፈልጋዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እየተዋደዱ ከተማው ሁሉ ሲያውቅ አባትየው ብቻ ነው ያላወቀው።

የይትባረክ አያት አስካለ ትባላለች። እኩያዬ ናት፤ አንድ ወንዝ ላይ ልብስ አጥበናል። የባላምባራስ አየነው ልጅ። ባላምባራስ አየነው አርበኛ ነበሩ፤ የጣሊያንን ካምፕ ያቃጠሉ። አስካለ በየዓመቱ የአርበኞች ቀን የአባቷን ኒሻን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ መሐል መንገዱን ይዛ፣ መኪና እያስቆመች ትሄዳለች። የማርቆስን ቤት የምትጠራው፣ የሶላቶ ቅሪት እያለች ነው፤ የጣሊያን ወታደር ትራፊ ማለቷ ነው። መልኳ ቀይ፣ ዐይኗ የማር መልክ ያለው። ይህን ዐይን ከየት አመጣሽው ሲሏት፣ የመንዝ ሰው እንዲህ ነው ትላለች። መንዝን እኔም አውቀዋለሁ።

አያችሁ? አንዱ በጣሊያን ልጅነቱ ይኮራል። አንዷ በጣሊያን ገዳይ ልጅነቷ ትኮራለች። ሁለቱም በሞተ ሰው ነው የሚኮሩት። ልጆቻቸው ደግሞ ተዋደዱ። እግዚአብሔር መቀለድ አያውቅም የሚል ሰው ካለ ወደ ኮምቦልቻ ይምጣ።

ማርቆስ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ሚስቱ ለመነችው፣ የነፍስ አባቱ መከሩት፣ በመጨረሻ እሺ ብሎ ተቀመጠ። እንደ ወጉ ዘር መቆጠር አለበት። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል፤ በዚያ ውስጥ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም፣ ቄሱም አይባርኩም። ይህንን የማታውቁ ልጆች ካላችሁ እናታችሁን ጠይቁ፤ እናታችሁም የማታውቅ ከሆነ ሁለታችሁም ነውር ነው።

የወንዱ ወገን ቆጠረ፤ እንደ ውኃ ፈሰሰ። የሴቷ በእናቷ በኩል ተቆጠረ፤ ምንም አልተገኘም። በአባቷ በኩል ሲሆን፣ ሲልቫና፣ ማርቆስ፣ ብሩኖ፣ ፓቫኒ ተባለና ቆመ። ከፓቫኒ ወዲያስ? ማርቆስ፣ ብልቃጤ ሲመጣ ይነግራችኋል አለ። በኩራት ነው ያለው። ሽማግሎቹ ተያዩ።

ያን ጊዜ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አያ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አያ እሸቴ ነገር አይወዱም። ግን ደግሞ እግዚአብሔርን ይፈራሉ።

«ይህንን አፌ ባይናገረው ደስ ባለኝ» አሉ። «አስካለ ስትረገዝ እናቷ እዚያ ወፍጮ ቤት ዱቄት ትነፋ ነበር። በልጅነታችን የምንሰማው ነገር ነበር። ብሩኖ የፓቫኒ ልጅ ከሆነ፣ የሰማነውም እውነት ከሆነ፣ ብሩኖና አስካለ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። እነዚህ ልጆች ዘመድ ናቸው ማለት ነው። እኔ ይህንን ደብቄ እግዚአብሔር ፊት አልቆምም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልነግራችሁም፤ እዚህ ታቦት ቅርብ ነው። አስካለ በትሯን ይዛ ተነሣች። አያ እሸቴን ከነእናታቸው፣ ከነአያታቸው አወረደቻቸው። አንተ ገና ሱሪ ሳትታጠቅ አባቴ ጣሊያን ይገድል ነበር አለቻቸው። ማርቆስም በበኩሉ ይህች ሴትዮ የእኔ ዘመድ ልትሆን ነው ብሎ ተቆጣ። የሚገርመው፣ ዘመድ መባሉን ሁለቱም እኩል ነው የጠሉት። ቄሱም ነገሩ ሳይጠራ አልባርክም ብለው ዘወር አሉ።

ሲልቫና ግን ብልህ ልጅ ናት። እማማ አስካለም ይትፉ አለች። ምራቁ የሚነግረን ከሆነ ለሁላችንም ይንገረን አለች።

አስካለ እምቢ አለች፤ የባላምባራስ አየነው ልጅ ምራቋን ለፈረንጅ አትልክም አለች። ይትባረክ አልለመናትም። ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል፣ ማታ ይገባል፣ እራቷን ያቀርብላታል፣ ዐይኗን አያይም። አንድ ጠዋት አስካለ ራሷ ጠርታው፣ አምጣ ያንን ብልቃጥ አለችው። ከተማው፣ ሐሜቱ ሐሰት መሆኑን ልታሳይ ነው አለ። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። ተሳስቼ ነበር፤ ለምን እንደ ተሳሳትኩ ወደ ኋላ ታያላችሁ።

የእሱ ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ የእሷ ተከተለ። መልሱ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተያይዞ መጣ፤ በሲልቫና ስልክ። ልጅቱ በእናትና አባቷ ፊት ከፍታ አነበበችው።

ማርቆስ፣ ከአናቱ እስከ እግሩ የዚህ አገር ሰው ነው። ወዲህ ሰሜን፣ ወዲህ ምሥራቅ፣ ሁሉም እዚሁ ነው። የጣሊያን ነገር የጥፍር ያህል የለበትም።

አስካለ፣ ግማሽ በግማሽ ጣሊያን ናት። እዚያ አገር ምራቋን የሰጠች አንዲት ሴት አለች፤ የፓቫኒ የወንድሙ የልጅ ልጅ ናት፤ ዘመድሽ ይህችውልሽ ብሎ አውጥቷታል።

ማርቆስና አስካለ ግን አይገናኙም። ምንም።

ሲልቫና አለቀሰች፤ በደስታ ነው። አንዛመድም አለች። አንዛመድም፣ አንዛመድም እያለች እናቷን አቀፈች። አባትየው ግን ሌላ ነገር ነው የሰማው። ሁለቱም አንድ ንባብ ነው የሰሙት፤ እሷ ማግባት ትችያለሽ የሚለውን ሰማች፣ እሱ ማንም አይደለህም የሚለውን ሰማ። እንደዚያ የሚል ቃል ስልኩ ላይ ተጽፎ ነበር? አልተጻፈም። ከየት ሰማው? ከራሱ።

ማሽኑ ተሳስቷል አለ። ፈረንጅ ቀንቶብን ነው አለ። ወጥቶ ሄዶ ቀይ ቀለም ገዛና መሰላል አስደግፎ ከወፍጮ ቤቱ በር በላይ ያለውን ፓቫኒ እንደ አዲስ አቀላው። እህል ይዘን ቆመን እያየነው። ቀለሙ እየተንጠባጠበ ጫማው ላይ ይፈሳል።

አያ እሸቴ መጥተው ከመሰላሉ ሥር ቆሙ። ወደ ላይ እያዩ፣ ሳይቆጡ፣ እንዲህ አሉት።

«ማርቆስ፣ ስማኝ ልጄ። ምራቁ እውነት ከሆነ ልጆቹ አይዛመዱም፣ ይጋባሉ። ምራቁ ሐሰት ከሆነ አንተ ፓቫኒ ነህ፤ የሰማነው ሐሜትም በቦታው አለ፤ ልጆቹ አይጋቡም። ስሙንም ሠርጉንም መያዝ አትችልም። አንዱን ልቀቅ።»

ማርቆስ ምን እንደ መለሰ ታውቃላችሁ? ቀለሙን ቀባ።

እናንተ ምን ታደርጉ ነበር? ልጄን እሰጣለሁ፣ ስሙ ይቅር ትላላችሁ፤ እዚህ ስትቀመጡ ሁላችሁም ደጎች ናችሁ። ግን ሕይወቱን በሙሉ ያ ስም ነበር ያስጌጠው። የደገፈው እሱ ነው። ሰው የሚደገፈውን ግድግዳ አፍርስ ሲሉት ቶሎ አያፈርስም።

በዚያ ቤት ሰው መነጋገር ተወ። ሲልቫና አንድ ቀን ብቻ ነው የተናገረችው፤ እናቷ ናት የነገረችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አባዬ፣ ከቤትህ ጠፍቼ አልሄድም፤ አላዋርድህም» አለችው። «ግን ሌላ ሰውም አላገባም። ከእኔ ሌላ ልጅ የለህም። እንግዲህ ያንን ስም በሩ ላይ ብቻ ነው የምታገኘው።»

ማርቆስ ያን ቀን ወፍጮውን ሳይከፍት ዋለ።

ከፋሲካ በኋላ ቄሱ ሁለቱን ወገን አንድ ጊዜ ልሞክር ብለው ሰበሰቡ፤ በማርቆስ ግቢ፣ ዳሱ ሥር። እኔም ነበርኩ። ማርቆስ ክንዱን አጣጥፎ፣ ክብሩ እንደ ተነካ ሰው ተቀምጧል። ልጅቱ ከእናቷ ኋላ ቆማለች፤ ይትባረክ መሬት መሬቱን ያያል። ቄሱ ዘር እንደገና ይቆጠር አሉ። የወንዱ ወገን ይጀምር ሲባል የይትባረክ አባት አፉን ሊከፍት ሲል አስካለ በትሯን ጣል አድርጋበት፣ ተቀመጥ፣ እኔ እቆጥራለሁ አለች።

ኒሻኗን ሳትሰካ ነበር የመጣችው። ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

«ይትባረክ የተፈራ ልጅ ነው። ተፈራ የአስካለ ልጅ ነው። አስካለ እኔ ነኝ። የወለደኝ ፓቫኒ ነው» አለች።

ቤቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ አትመኑኝ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እሷ ቀጠለች።

«ብልቃጡ ላይ ስተፋ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። እናቴ ስትሞት ነግራኛለች። ዱቄት ስትነፋ ነው ያረገዘችኝ። ፓቫኒ ልጄ ነች አላለም። ትንሽ ልጅ ሆኜ እህል ተሸክሜ ወፍጮው በር ላይ ስቆም ያየኝ ነበር። ያየኝና ወደ ሞተሩ ይዞራል። ባላምባራስ አየነው ግን እናቴን ከነሆዷ አገባት። ጣሊያን ሲገድል የኖረ ሰው የጣሊያን ልጅ በጭኑ ላይ አስቀምጦ አጎረሰኝ። አንድም ቀን፣ አንድም ቀን የጣሊያን ልጅ ነሽ አላለኝም። ይኸው ነው።»

ከዚያ ወደ ማርቆስ ዞረች።

«አንተም ስማ። እናቴ ያንንም ነግራኛለች፤ ለዚህ ነው የተፋሁት፤ በአፌ ብናገር ማን ያምነኛል ብዬ። አያትህ ትርንጎ አባትህን በጀርባዋ አዝላ ነው ወደዚህ ከተማ የመጣችው። ባሏ መንገድ ሲቆፈር ድንጋይ ፈንድቶበት ሞቶ ነበር። ፓቫኒ አስገባት። ልጁ የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እያወቀ ስሙን ሰጠው። እኔን ስሙን ነፍጎኝ፣ ለአባትህ ሰጠው። ታዲያ የተነፈግሁት እኔ ቆሜ ስናገር፣ የተሰጠህ አንተ ምን ሆነህ ነው የምታኮርፈው?»

ማርቆስ ራሱን ቀና አላደረገም። እጁን ያያል። የዱቄት ሰው እጅ ነው፤ ጥቁር፣ በስንጥቁ ሁሉ ነጭ የገባበት። ቄሱ ሊናገሩ ሲሉ አያ እሸቴ ክንዳቸውን ያዙ፤ ተዉት አሏቸው።

ከዚያ ተነሣ። ዘር ሲቆጠር ሰው ተነሥቶ ነው የሚቆጥረው።

«ሲልቫና የማርቆስ ልጅ ናት» አለ። ወደ ልጁ ዞሮ እንደገና ጀመረ። «ሲልቫና የማርቆስ ልጅ ናት። ማርቆስ የብሩኖ ልጅ ነው። ብሩኖ የትርንጎ ልጅ ነው። አባቱ መንገድ ሲሠራ የሞተ ሰው ነው፤ ስሙን አላውቀውም፤ ነፍሱን ይማር። ያሳደገው ፓቫኒ ነው። ሌላ የምቆጥረው የለኝም።»

ከዚያ ወደ አስካለ ሄዶ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። እሷ ግን እንደምታውቋት ናት፤ ፊቷን እንኳ አላለሰለሰችም።

«ተነሥ፣ ተነሥ። እንግዲህ በዚህ ግቢ ፈረንጇ እኔ ነኝ፤ ለእንግዳ ቀድሞ ይቀዳል፤ ጠላው የት አለ?»

ሳቅ ዳሱን ሞላው። ሲልቫና አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ እሱም እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ቄሱም ቀኑን ቆረጡ። ተጋቡ። በጋብቻው ወረቀት ላይ ሲልቫና ማርቆስ ተብላ ተጻፈች።

እንግዲህ ታሪኩ ይህ ነው። አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

አንዳንዳችሁ ማርቆስ ላይ ስትስቁ አይቻለሁ። አቁሙ። በዚህ አዳራሽ ስንት ማርቆስ አለ? እኛ የእገሌ ዘር ነን፣ እኛ የዚህ ደብር ልጆች ነን፣ እኛ ከነ እገሌ ጋር አንቀመጥም የምትሉ። ማን ሰጣችሁ? ሠርታችሁ አገኛችሁት? እናታችሁ ሆድ ውስጥ ሆናችሁ መረጣችሁት? ማርቆስ የተሰጠውን ስም በትውልድ ያገኘው መሰለው፤ ስለዚህ በሰው ላይ ቆመበት። ስጦታ መሆኑን ያወቀ ቀን ወረደ። የወረደ ቀን ልጁን አገኘ።

ደግሞ ከዚህ ወጥታችሁ፣ ያቺ አሮጊት ጣሊያኑን አመሰገነችው ብላችሁ እንዳታወሩ። አላመሰገንኩትም። አገር ሊቀማ ከመጣ ጦር ጋር የመጣ ሰው ነው። ለአንዱ ድሃ ልጅ ስሙን ሰጠ፤ ደግ አደረገ። የራሱን ልጅ ግን በር ላይ አቁሞ ወደ ሞተሩ ዞረ። ያ ደግነት ይህንን አያጥብም። ሰው እንዲህ ነው፤ በቀኙ ይሰጣል፣ በግራው ይነፍጋል። እግዚአብሔር ግን እንደዚያ አይደለም። ያዘለችውንም ያስገባል፣ በር ላይ የቆመችውንም ይጠራል።

ባላምባራስ አየነውንስ አያችሁት? ያንን ሰው ሳስብ ነው ትምክሕቴ ሁሉ የሚቀልልኝ። ጠላቱን ገደለ፤ የጠላቱን ልጅ አጎረሰ። እናንተ ከጠላታችሁ ጋር በአንድ እድር እንኳ መቀመጥ አቅቷችሁ ስብሰባ ረግጣችሁ ትወጣላችሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስትወለዱ ያልነበራችሁ ስም አላችሁ ወይስ የላችሁም? ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ታቅፋችሁ ሄዳችሁ፣ አልቅሳችሁ፣ ቄሱ ውኃ ውስጥ ነክረው ስም ሰጧችሁ። አንቺ ወለተ ሩፋኤል፣ የሩፋኤል ልጅ ማለት ነው፤ ሩፋኤል ነው የወለደሽ? አንተ ወልደ ሥላሴ፣ ምራቅህ ባሕር ማዶ ቢላክ ሥላሴ ይገኝበታል? አይገኝበትም። ጭቃ ነው የሚገኝበት። ግን ስሙ የአንተ ነው። በሥርዓት ነው የአንተ፤ ለቁርባን ስትቀርብ በእሱ ነው የምትጠራው፤ ስትሞትም በእሱ ነው የሚፈቱህ። ማንም አይነጥቅህም። ለምን? የሰጠህ ማን እንደሆንክ እያወቀ ስለሰጠህ ነው።

ታዲያ ምን ያስፈራችኋል? ምን ያኮራችኋል?

ስም እንዲሁ ከተሰጣችሁ፣ እናንተም መስጠት አለባችሁ። ይህንን ስል ዐይኔ ወደ ወንዶቹ ይሄዳል፤ ይሂድ። አንተ፣ ክራቫት ያሰርከው፣ ዐይንህን አትሽሽ። በዚህ ከተማ የአንተን አፍንጫ ይዛ የምትዞር ልጅ አለች። ገበያ ስታያት ወደ ሱቁ ትዞራለህ። ከተማው ያውቃል፤ ሚስትህም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ምርመራ አያስፈልግህም። ሴቶችም አትሳቁ፤ የባላችሁ ልጅ ደጃችሁ ላይ ሲቆም ውሻ የምትለቁት እናንተ ናችሁ። የእንጀራ ልጃችሁን በዕቃ ቤት ለብቻ የምታበሉት እናንተ ናችሁ።

አስካለ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው። አንድ ሰው እህል ይዛ በቆመችበት ወጥቶ፣ ነይ ልጄ ቢላት ኖሮ፣ ያንን በትር ይህንን ያህል ዘመን አትይዘውም ነበር። ይህንን እሷ ራሷ ናት የነገረችኝ። ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ በየቤታችሁ ስለ ፓቫኒ አታውሩ። ሂዱና በራችሁ ላይ ያቆማችሁትን ጥሩት። ነገ አላልኩም። ዛሬ፣ ከዚህ ወጥታችሁ፣ ሰው እያየ፣ በስማችሁ ጥሩት።